ለእትዬ አስካለ ያልደረሰው ፊልም

ባለፈው እሑድ ምሳ ልበላ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። ጉርድ ሾላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ደረጃውን ጨርሼ ትንፋሼ እስኪመለስ ሶፋው ላይ አረፍ እንዳልኩ የልጄ ባል ናሆም አዲስ የገጣጠመውን ኮምፒውተር ሊያሳየኝ እጄን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደኝ። የዛሬ ኮምፒውተር ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይንቦገቦጋል። «አባባ፣ ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ አስኪጄዋለሁ» አለኝ፣ ልጁ መራመድ እንደጀመረለት አባት ፊቱ በርቶ። «ግን ስቴብል ነው፤ አይቆምም። ሙቀቱን ይዩት፣ ምንም አይልም።» እኔ ቁጥሩን አላየሁም። የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መትቶኝ ነበር። «ስንት ሰዓት ሞከርከው?» አልኩት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ።» «በቀንስ? ቀትር ላይ?» ናሆም ሳቀ። «አባባ ደግሞ የዚህ ነገር ሰው ነበሩ እንዴ?» ልጄ ምሳ ቀርቧል ብላ ጠራችንና ወሬው እዚያው ተቋረጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል።

ያኔ እኔና ግርማ ወደ የካ ሚካኤል በሚያስወጣው መንገድ ዳር አንዲት ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን «ፎቶና ቪዲዮ» የሚል ታፔላ ሰቅለን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ከመገናኛ እስከ በራችን ታክሲ ስልሳ አምስት ሳንቲም እንደነበር፣ ማኪያቶ ከብር እንደማያልፍ፣ ሞባይል ይዞ የሚሄድ ሰው ካየን ሥራችንን ጥለን በዓይናችን እንሸኘው እንደነበር ነው። ጎረምሳው ሁሉ ሁለት እግሩ በአንዱ ቧንቧ የሚገባ ሰፊ ሱሪ ነበር የሚለብሰው፤ የቆዳ ጃኬት ያለው ደግሞ በሚያዝያ ፀሐይ እንኳ አያወልቃትም። ፊት ለፊታችን ሙዚቃ ቤት ነበር። አዲስ ካሴት በወጣ ቁጥር ያንኑ አንድ ካሴት ወር ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ያንቆረቁርብናል፤ ግርማ «ይሄ ሰውዬ ሌላ ካሴት የለውም?» እያለ ይራገምና አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ራሱ ያንኑ ዘፈን ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። ዛሬ ያ ሙዚቃ ቤት የለም፤ የኛም ቤት የለም። መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፎ፣ እኛ ደንበኛ የምንቀበልበት ቦታ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ የት ጋ እንደነበርን ለመለየት ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አይና እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ አንድም ቀን ቁጥሩ ገጥሞልኝ አያውቅም። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ግን ያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ዛሬም ጆሮ ይቆርጣል።

ሥራችን በዋናነት ሰርግ ነበር። እኔ እቀርፃለሁ፤ ትከሻ የሚያጎብጥ ትልቅ ካሜራ ነበረኝ። ግርማ ከሬዲዮ ጥገና የመጣ ሰው ነው፤ አጭር፣ ረጋ ያለ፣ እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ የማይለየው። አንድ ላይ ስንሠራ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁትም። ፊልም በኮምፒውተር ማቀናበር ያኔ ገና መምጣቱ ነበርና ግርማ ከዚህም ከዚያም ክፍሎቹን ለቃቅሞ አንድ ገጠመልን። የሙሽሮቹ ስም በወርቃማ ፊደል እየተሽከረከረ ሲመጣ፣ አንዱ ምስል በሌላው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሟሟ፣ ደንበኛ አፉን ይዞ ነበር የሚያየው። ችግሩ ጊዜ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም እኛ ቆርጠን ቀጥለን ከጨረስን በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ አንድ አድርጎ እስኪያወጣው ሃምሳ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እንደ ዛሬው በቁራጭ በቁራጭ ማውጣቱን አናውቅበትም፤ መሀል ላይ ከቆመ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ከፋብሪካው የመጣበት ፍጥነት ሦስት መቶ ሜጋኸርትዝ ነበር። ግርማ ግን ወደ አራት መቶ ሃምሳ ማድረስ እንደሚቻል ከአንድ የውጭ መጽሔት ላይ አንብቦ፣ በታኅሣሥ ብርድ ሞክሮትም ነበር። ጎኑን ከፍቶ ወደ እንጦጦ በሚያየው መስኮት ሥር አስቀመጠው። ተአምር ነበር፤ ሥራው በሢሶ አጠረ። በማግስቱ ግን ራሱ ወደ ሦስት መቶ መለሰው። ለምን ብለው፣ «ፋብሪካው የወሰነለት ያለ ምክንያት አይደለም» አለኝ። «ስትገፋው ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይሳሳታል። ሲሳሳት ደግሞ ሁልጊዜ አይነግርህም።» «ትናንት ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የለም እንዴ?» አልኩት። «ትናንት አልወደቀም፤ እኔ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ እንግዲህ የካሜራ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ፈሪነት መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁበት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሰርግ እንደ ጎርፍ በሚመጣበት ሰሞን፣ የአቶ ወልዴን ልጅ የመሠረትን ሰርግ ቀረፅኩ። አቶ ወልዴ ጉርድ ሾላ ላይ ቀለምና ሚስማር የሚሸጡ ጉራጌ ናቸው፤ ቤታቸው ከሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነው። ሚስታቸውን እትዬ አስካለን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ለቅሶ ቤት ቀድመው ደርሰው ድስት የሚጥዱት እሳቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። ለአንድያ ልጃቸው ሰርግ ግን አልተገኙም። ጉበታቸው ታሞ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ቀኑ ይለወጥ ሲባል እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው አሉ። መሠረት ቬሎዋን እንደለበሰች ሆስፒታል ድረስ ልትሄድላቸው ብትለምናቸውም «ሙሽራ ከደጇ ወጥታ በሽተኛ ቤት አትገባም፤ ገድ አይደለም። እኔ በፊልም አይሻለሁ» ብለው ከለከሏት። ይህን የነገረችኝ መሠረት ናት፣ በሰርጉ ጠዋት ሚዜዎቿ መጋረጃዋን ሲያስተካክሉላት። «ጋሼ መኮንን፣ አደራ፤ ሁሉንም ቅረፅልኝ። ድንኳኑን፣ ሽሮ ወጡን ሳይቀር» ብላኝ ልትስቅ ሞከረችና ኩሏ እንዳይበላሽ ቀና ብላ ጣራ ጣራውን አየች። እኔም ሁሉንም ቀረፅኩ። ወይን ጠጅ ሰደሪያ የለበሱትን ሚዜዎች፣ በአበባ ያጌጠችውን ነጭ መኪና፣ ዳገቱን መውጣት ሲያቅታት እልል እያሉ የገፏትን ሴቶች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት አቶ ወልዴ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮታቸውን ያጠለቁት አዛብተው ቆልፈው ነበር። «መኮንን፣ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን» አሉ። ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። «ፊልሙን እየጠየቀችኝ ነው። አበባው ምን ዓይነት ነበር ትላለች። ማን ማን መጣ፣ ማን ቀረ ትላለች። መቼ ይደርሳል?»

«እኛ የሚጠበቅብንን ጨርሰናል» አልኩ። «የቀረው ኮምፒውተሩ ማውጣቱ ነው። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው።»

ወደ ካሜራው አዩና፣ «እስከዚያ ጥሬውን፣ እንዳለ ብታሳያትስ? ቴሌቪዥን አለን» አሉኝ።

አሁን ሳስበው በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካሜራውን አንስቶ ተከትሎ መውጣት። የሃያ ደቂቃ ዳገት ነው። እኔ ግን ጥሬው ፊልም አሳፈረኝ። እግር ብቻ የሚታይበት ቦታ አለው፤ እኔ ራሴ የማስልበት፣ አስተናጋጆቹ በጠላ የሚጣሉበት፣ ካሜራው ሳይጠፋ መሬት መሬቱን የቀረፀበት አለው። ያንን ያህል የጠበቁት ሰው ይህን ሊያዩ ነው? «አቶ ወልዴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው። «የመጀመሪያ ማየታቸው አምሮ ይሁን። እንደውም ፍጥነቱን እንጨምረውና ነገ ማታ ላድርስልዎት።» ደስ አላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠውኝ ወጡ።

ግርማ ሁሉንም ሰምቷል። «አራት መቶ ሃምሳ ልታደርገው ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ከፍ አድርገው።» «ታኅሣሥ አይደለም እኮ፤ ሚያዝያ ነው። ጣራችንን አታየውም?» «ግርማ፣ ሴትየዋ እየሞቱ ነው።» እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ፣ መልሶ ሰካው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለ ቀስ ብሎ፤ ግን አደረገው። ሁለት ሰዓት በከባድ ስሌት ፈተነው፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ምንም አልሆነም። እኩለ ቀን ላይ ሥራውን አስጀመርነው። ቁጥሩ እያየነው ሲጨምር እኔ ግርማን ትከሻውን መታ አደረግሁት፤ ምሳ ልጋብዝህ ብዬ ወደ ላይኛው ምግብ ቤት ወሰድኩት። ሁለት በያይነቱ በስድስት ብር በላን።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ሰባ ዘጠኝ በመቶ ደርሶ ቆመ። ቁጥሩ አይጨምር፣ ማውሱ አይንቀሳቀስ። የቆርቆሮው ጣራ ሙቀት ልክ እንደ ምድጃ አናት ይጠብስ ነበር። ግርማ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ብረት ነካና አቃጥሎት ጣቱን ሳብ አደረገ። እኔ ስክሪኑን በመዳፌ መታሁት፣ እሱ ጥፋት እንዳለበት ሁሉ። «ምናልባት እያሰበ ይሆናል» አልኩ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ግርማ አጠፋው።

በዚያች ሰዓት ወደ ሦስት መቶ ብንመልሰው ሐሙስ ማምሻውን ይደርስልን ነበር። ግርማም ይህንኑ ነው ያለው። እኔ ግን ሐሙስ ሩቅ መሰለኝ። «መሀል ላይ አድርገው፤ ሦስት መቶ ሰባ አምስት» አልኩት። ለመንኩት ብል ይሻላል። ከጎረቤት ፀጉር ቤት የጠረጴዛ ቬንትሌተር ተዋስን፤ ጆንያ በውኃ አርሰን ጣራው ላይ ዘረጋን። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ መሰላል ላይ እየወጣሁ ውኃ አፈሳለሁ፤ መንገደኛው ቆሞ ያየኛል፤ ሙዚቃ ቤቱ ያንኑ ካሴት ይጫወታል። ማምሻውን አቶ ወልዴ መጡ። ነገ ነው አልኳቸው። «ዛሬ ሾርባ ጠጣችልኝ» ብለው ሄዱ። ረቡዕ፣ እንደገና ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በሃምሳ ሰባት በመቶ ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሣ። ጆንያው ደርቆ ነበር። ውኃ ልቀዳ ወርጄ ውኃው ከቧንቧው መቋረጡን አየሁ፤ ጆንያው የደረቀው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ግርማ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈና ሊያሳየኝ ፈልጎ ተወው። እኔ ግን ሰርቄ አየሁት። ሰኞ ጠዋት ምንም ሳንነካው በሦስት መቶ ብናስጀምረው ኖሮ በዚያው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ፊልሙ ያልቅ ነበር። እኛ ውኃ ስናፈስ፣ ቬንትሌተር ስንሸከም፣ አልቆ ተጠቅልሎ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ግርማ አንድም ጊዜ «ብዬህ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መለሰና እንደገና አስጀመረው።

ፊልሙ ዓርብ አመሻሽ ላይ ያለ አንድ እንከን ወጣ። የሙሽሮቹ ስም በወርቅ ፊደል ተሽከረከረ፤ አንድም ምስል አልተንቀጠቀጠም። እትዬ አስካለ ቅዳሜ የካ ሚካኤል ተቀበሩ። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በኋላ ስለ ኮምፒውተሩ የማወራው ስለሌለኝ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት የሐሙሱን ነው።

ሐሙስ ቀትር ላይ መሠረት ራሷ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ የሰርጉ ሂና ጣቶቿ ላይ ደብዝዞ፣ እያለከለከች። «ጋሼ መኮንን፣ ፊልሙን ተወው» አለችኝ። «ካሜራውንና የተቀረፀበትን ካሴት ብቻ ይዘህ ና። አሁን።» ካሜራውን፣ ገመዱንና ካሴቶቹን አንግቤ ተከተልኳት። ዳገቱ ላይ አንዴ ብቻ ቆም ብላ፣ «ትናንት ማታ ድረስ ደህና ነበረች፤ ስታወራኝ አመሸች» አለች። «ዛሬ ጠዋት ስትነቃ ግን...» ብላ ሽቅብ መራመዷን ቀጠለች። እኔም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እትዬ አስካለ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ አልጋ ተዘርግቶላቸው በሦስት ትራስ ተደግፈው ነበር። ዓይናቸው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቢጫ ሆኗል። ሳያቸው እጅ ነሣሁ፤ «እግዜር ይማርዎት» አልኩ። በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ሰፈር ውስጥ በየቀኑ የሚያዩኝ ሴት ናቸው፣ የነቀነቁልኝ ግን እንደ እንግዳ ነው። አቶ ወልዴ መስኮቱን በመጋረጃ ጋረዱ። እኔ ገመዱን ስሰካ ሁለት ጊዜ ሳትኩት። መሠረት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ያዘች።

ከእግር ጀመረ። የሰው እግር፣ የድንኳን ገመድ፣ የኔ ሳል። ከዚያ ካሜራው ቀና ሲል መሠረት በቬሎዋ ከቤቱ በር ስትወጣ ታየች፤ እልልታው ክፍሉን ሞላው። እትዬ አስካለ ከትራሱ ትንሽ ተነሡ። ከንፈራቸው ተከፈተ። አበባውን በጣታቸው እያመለከቱ ተከተሉት። መኪናዋን ሴቶቹ ሲገፏት ሳቁ፤ እውነተኛ ሳቅ፣ ድምፅ ያለው። አቶ ወልዴ ወደኔ ዞረው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ተስፋ ነበር። ደረስን አልኩ በሆዴ። የፈራሁት ሁሉ ከንቱ ነበር፣ ደረስን።

እትዬ አስካለ ወደ መሠረት ዘወር አሉ። «እርስዎ የሙሽራዋ ወገን ነዎት?» አሏት፣ በአማርኛ።

በዚያ ቤት እናትና ልጅ በጉራጊኛ እንጂ በአማርኛ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። መሠረት በጉራጊኛ አንድ ነገር መለሰችላቸው፤ ቃሉን ባላውቀውም ልመና መሆኑ ገባኝ። እናትየዋ በትሕትና አዳመጧትና እንዳልሰማ ሰው ፈገግ አሉ። መሠረት አባቷን አየች። አቶ ወልዴ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር። እኔ በእጄ የያዝኩትን ትርፍ ገመድ እጠቀልለው፣ እፈታው፣ እንደገና እጠቀልለው ጀመር፤ የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

«አዎ» አለች መሠረት በመጨረሻ በአማርኛ። «የሙሽራዋ ወገን ነኝ።»

«እንዴት ያለች ቆንጆ ናት እመቤቴ! የማን ልጅ ናት?»

«የአስካለ።»

እትዬ አስካለ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። ሙሽራዋ ወደ ካሜራው እያየች እጇን ታውለበልብ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ታድላ አስካለ» አሉ።

መሠረት የያዘችውን እጅ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው። «ታድላለች» አለች።